ለባሕር ዓሣ ደባርቅ ላይ ቤት ስሠራ

የሥራ ዘመኑን የሚያወጋ ሰው ጡረታ የወጣ ነው ይባላል። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጡረታ የወጣሁት ከዓሣ ነው። ከዳባት እስከ ሳንቃ በር ባለው አገር የባሕር ዓሣ አስተዳድሮ የወጣ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና እንተያይ። የለም። በዕድሜ ልጅ ብሆንም በዚህ ሙያ የአገሩ ሽማግሌ እኔ ነኝ።

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ነው። አምስተኛ ክፍል ወንበሩ ጠበበኝ። አስተማሪያችን "ማሩ አንድ ቦታ ሁለት ደቂቃ ከተቀመጠ ታሟል ማለት ነው፣ ቤተሰቡን ጥሩ" ይል ነበር። እውነቱን ነው። እግሬ ራሱ ያሳክከኛል። አሁን ይቺን ስጽፍ እንኳ ሦስቴ ተነስቼ ውጭ ውጭ አይቼ ነው የተመለስኩት። ውጭ ምንም የለም። ግን አየሁት።

የመጀመሪያ ሥራዬ ምርጊት ነው። ጭቃ አቡክቼ፣ ጭድ ነስንሼ፣ ረግጬ፣ አዳብሬ ግድግዳ እመርጋለሁ። ደባርቅ ውስጥ እኔ የመረግኩት ቤት ላይ እጃችሁን ብታሳልፉበት የሙሽራ ጉንጭ ነው። አለቃዬ አንድ ቀን "ሥራህ ጥሩ ነው፣ አፍህ ግን ከሥራህ ቀድሞ ይጨርሳል" አለኝና ተጣላን። ከዚያ ሳንቃ በር ሄጄ በቅሎ ጫንኩ። በቅሎዋና እኔ አልተስማማንም፤ እሷ ረገጠችኝ፣ እኔ ለቀቅኩ። ከዚያ ኮሶዬ ወርጄ ድንጋይ ተሸከምኩ። ከዚያ ነው ደባርቅ ተመልሼ ጌጡ ሆቴል የገባሁት።

ጌጡ የድሮ አስጎብኚ ነው። ፈረንጅ ተራራ ለተራራ ሲያዞር ኖሮ፣ እግሩ ሲደክም ሆቴል ሠራ። ቦስ ነው የምንለው። አንድ ቀን ሠራተኛውን ሰብስቦ እንዲህ አለ፦

"ጭላዳ ሁሉም ያሳያል። ዋልያ ሁሉም ያሳያል። እኔ ደባርቅ ላይ ባሕር አሳያለሁ!"

ያበደ መስሎን ነበር። እውነትም ምግብ ቤቱ ውስጥ የአንድ ሰው አልጋ የሚያክል የመስታወት ሣጥን አስገባ። ይሄን ሐሳብ ጭንቅላቱ ውስጥ የከተቱት እትዬ አስካለ ናቸው።

እትዬ አስካለ የመካነ ብርሃን ሰው ናቸው። ጅዳ አንድ ሀብታም ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። የቤቱ ጌታ የጨው ውሃ ዓሣ ይወዳል፣ ግን ሁሌ መንገደኛ ነው። ዓሣው ሞቶ ሲመጣ የሚቆጣው ደግሞ እሳቸውን ነው። እንግዲህ ሳይወዱ በግድ ተማሩ። ማን አስተማረዎት ስላቸው "የሞተው" አሉኝ። "እያንዳንዱ የሞተ ዓሣ አንድ ነገር ነግሮኝ ነው የሞተው።"

ጌጡ እሳቸውን ለመስታወቱ ቀጥሮ እኔን ረዳታቸው አደረገኝ። መጀመሪያ ቀን አስቀምጠው ጠየቁኝ።

"ምን ትችላለህ?"

"ሁሉን ነገር።"

"ዝም ማለትስ?"

"እሱን እንኳ ገና ነኝ።"

ሳቁና ጫማዬን አስወለቁኝ። ዓሣ ኮቴ በሆዱ ነው የሚሰማው አሉኝ። እሳቸው ወደ መስታወቱ ሲጠጉ ሁሌ በባዶ እግር ነው፤ በክረምት፣ በዚያ በደባርቅ ብርድ። ሌላ ደግሞ አመል ነበራቸው። ዓሣ ፊት ለፊት አያዩም። ዱካ ወንበር ላይ ጀርባቸውን ለመስታወቱ ሰጥተው ይቀመጡና የእጅ መስታወት ከፍ አድርገው በዚያ ውስጥ ያያሉ። "ዓይን የተተከለበት ፍጥረት ቤቱን አይሠራም" ይላሉ። እኔ ከጓሮ ገብቼ ሳያቸው "እትዬ፣ ሊኳሉ ነው?" እላለሁ።

ሥራው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ካላወቃችሁ አይፈረድባችሁም። ጌጡ የመረጠው ዓሣ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ቁመቱ መሀል ጣት ያህላል፣ አፉ ግን የጋራዥ በር ነው። አሸዋ ቆፍሮ ጉድጓድ ይሠራል፣ ጉድጓዱን በጠጠርና በዛጎል ስባሪ ይደግፋል፣ ከዚያ አንገቱን አውጥቶ በሩ ላይ ይቆማል። ሠፈር ውስጥ በር ላይ ቆሞ መንገደኛ የሚቆጥር ሰው የለም? እሱን ነው። ከጉድጓዱ አሸዋ በአፉ ሙሉ ዝቆ ይወጣና እንትፍ! ደግሞ ይገባል። ደግሞ እንትፍ! እኔ ገና ሳየው ወደድኩት። የሙያ ጓደኛዬ ነው። ወንዱን ኮንትራክተር አልኩት።

ዓሣው ከመምጣቱ በፊት ግን ለወራት ያየነው ውሃ ብቻ ነው። "አዲስ ውሃ ጥሬ ነው፣ መብሰል አለበት" አሉ እትዬ። እኔ ምን አውቄ፣ ጨዉ ሲያልቅ ከሱቅ የወጥ ጨው ላምጣ አልኩ። "ይሄ ለምስር ነው" አሉና የዓሣውን ጨው ከአዲስ አበባ በጆንያ አስመጡ። አሸዋም እኔ ከወንዝ አምጥቼ፣ ነፍቼ፣ ሰባቴ አጥቤ አቀረብኩ። ከአሮጌ ሬዲዮ የተፈታ ማግኔት አወጡና አሸዋው ውስጥ ነከሩት። ሲያወጡት ጺም አብቅሎ ወጣ!

"ብረት አለበት። የኛ አገር ድንጋይ ብረት ነው። ለሰው ጥሩ ነው፣ ለዚህ መርዝ ነው።"

አየሩም ችግር ነው። ደባርቅ ላይ ዳገት ስትወጡ ታለከልኩ የለ? ውሃውም ያለከልካል፤ ከፍታ ላይ ውሃ አየር አይዝም። ጅዳ አንድ የሚበቃው የአየር ፓምፕ እዚህ ሁለት ሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ ሦስተኛ። ይሄን ሁሉ የተሸከመው ማን መሰላችሁ?

ሰኔ ላይ ሁለቱ ዓሦች በፕላስቲክ ታሽገው፣ በአውሮፕላን ጎንደር፣ ከጎንደር በመኪና መጡ። አስገባናቸው። አልተቀመጡም። ቆፈሩ፣ ተናደ። ደግሞ ቆፈሩ፣ ደግሞ ተናደ። የወንዙን ትተን ከአዲስ አበባ ያስመጣነው አሸዋ ሁሉም አንድ ዓይነት ደቃቅ ነበር፣ ስንዴ ውስጥ ጉድጓድ እንደመቆፈር ነው። ሁለቱም ከፓምፑ ቱቦ ጀርባ ተደብቀው ቀሩ። መብል እየተዉ ሄዱ። ጌጡ በቀን አምስቴ እየመጣ "የት አሉ?" ይላል። እትዬ "ጊዜ ስጣቸው" ይላሉ። እኔ መሀል ላይ እንደ ድስት እፈላለሁ።

ሐምሌ ላይ የእትዬ እናት ሙት ዓመት ደረሰ። መካነ ብርሃን በክረምት መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ግማሹ መኪና፣ ግማሹ ጭቃ፣ ቀሪው ጸሎት ነው። አምስት ቀን እቀራለሁ አሉ። ስመጣ ጠጠር ይዤ እመጣለሁ፣ መጠኑ የተለያየ ዛጎልም ጎንደር ታዞልኛል አሉ። ሲወጡ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

"ማሩ፣ መብል ስጥ። ሌላ ምንም አትንካ። ቁጭ በል።"

"በእመቤቴ!" አልኩ።

ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን እነዚያ ዓሦች እያዩኝ ነው። አንድ ግድግዳ መራጊ ቤት አጥተው የሚንከራተቱ ፍጥረቶችን እያየ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል? ጓሮ ደግሞ የማድ ቤቱ ግድግዳ ሊመረግ ሁለት ሳምንት የቦካ ጭቃ አለ። ጭድ የጠጣ፣ የዳበረ፣ የተዘጋጀ ጭቃ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ፣ ምግብ ቤቱ ባዶ ሆኖ፣ ቱቦ የመሰለች ቤት ጠፈጠፍኩ። ደጃፏን በጠጠር ከፈፍኩ፣ ውስጧን በአውራ ጣቴ ለሰንኩ። በሕይወቴ ከሠራሁት ምርጊት ሁሉ ያማረችው እሷ ናት። ምድጃ አጠገብ አደረቅኳት። ከዚያ ቀስ ብዬ አሸዋው ውስጥ ቀበርኳት።

ገቡ! ወዲያው! ኮንትራክተር አንገቱን አወጣና በሩ ላይ ቆመ። አበድኩ። ጌጡ ጎንደር ነበር፣ ደወልኩለት።

"ቦስ! ገቡልህ!"

"አትለኝም! ምን አደረጋችሁ?"

"ሙያ ነው ቦስ፣ ሙያ!"

በማግስቱ ጠዋት ስመጣ ውሃው አተላ ሆኗል። ከአሸዋው ሥር አረፋ ይወጣል። ሽታው የቦካ ጭቃ ብቻ አይደለም፣ የሞተ ነገር ነው። ዓሦቹ ደግሞ፣ ጉድጓድ ወዳዶቹ፣ ቤታቸውን ጥለው ውሃው አናት ላይ አፋቸውን ከፍተው አየር ይለምናሉ። ሦስቱንም ፓምፕ አስነሳሁ። ውሃ በባልዲ ቀዳሁ፣ ጨመርኩ፣ ቀዳሁ፣ ጨመርኩ። እጄን አስገብቼ ቤቷን ላወጣ ስል እጄ ላይ ተፈረካከሰችና ውሃው ጨርሶ ጠቆረ። ሴቷ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሞተች። ኮንትራክተር ትንሽ ቆየ። ዓይኑ እስከ መጨረሻው ያየኝ ነበር፣ ወይ እኔ እንደዚያ መሰለኝ።

በማግስቱ እትዬ መጡ፤ መንገዱ ስላስፈራቸው ቀድመው ነው የተመለሱት። ጫማቸውን አወለቁ። እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ከተቱና አንድ ጭብጥ ጭቃ አወጡ። ጭዱን በጣታቸው መዘዙት፣ አሸተቱት።

"ስንት ቀን የቦካ ነው?"

"ሁለት ሳምንት።"

"ውሃ ውስጥም መቡካቱን ቀጠለ። የነሱን አየር ጨረሰው።" ጭቃውን ባልዲ ውስጥ ጣሉት። "ቤቱ ውስጥ ሲገቡ ደስ አለህ?"

"በጣም።"

"እኔም ጅዳ የገባሁ ቀን ክፍሌ አምሮ ነበር።"

ጭቃውን አውጥተው ሳይጨርሱ ጌጡ ደረሰ። ባዶውን መስታወት አየ፣ እኔን አየ።

"ምንድነው? ገቡ ብለኸኝ አልነበር?"

አፌን ከፈትኩ። እትዬ ቀደሙኝ።

"የኔ ጥፋት ነው። ውሃውን ሳልቀይር ሄድኩ።"

ጌጡ ጨዋ ሰው ነው፣ አልጮኸም። ባይጮህም ግን እንዲህ አለ፦ "እትዬ፣ አከብርዎታለሁ። አንዴ ደግሞ አስመጣለሁ። ለመስቀል እንግዳ ሲገባ ዓሣው በሩ ላይ ቆሞ ካልታየ መስታወቱ ይወጣል፣ ቲቪ ይሰቀላል። ለርስዎም ሌላ ሥራ የለኝም።"

ጓሮ ተከተልኳቸው። "እትዬ፣ ለምን እንደዚያ አሉ?"

"አንተን ካባረረህ የውሃውን በርሜል ማን ይሸከማል? የኔ ወገብ ጅዳ ቀርቷል።"

"እኔ እነግረዋለሁ።"

"አሁን ብትነግረው ሁለታችንንም ነው። ዝም በል፣ ሥራ።" ከዚያ ባልዲው ላይ ጎንበስ ብለው፣ ለኔ ሳይሆን ለባልዲው ይመስል፣ "ደላላው በየሳምንቱ ይደውላል። ነይ ቦታ አለ ይለኛል። አልሄድም። እዚያ ዳግመኛ ከምገባ ይሄን አሸዋ በማንኪያ ብበላው ይሻለኛል" አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፌ ሄደ። ለጌጡ ከነገርኩት እሳቸውም እኔም እንወጣለን። ካልነገርኩት እሳቸው የኔን ጥፋት ተሸክመው ይዞራሉ፣ እኔ ደግሞ "ማሩ ጎበዝ" እየተባልኩ ሻይ እጠጣለሁ። እግሬ ማሳከኩን ትቶ ደረቴ ነው የሚያሳክከኝ።

ሠራን። መስታወቱን እስከ ወለሉ አራገፍን። ደግነቱ እትዬ የበሰለ ውሃና ድንጋይ በርሜል ውስጥ በፓምፕ አኑረው ነበር፣ ከዜሮ አልጀመርንም። አሁን ነው የኔ ሙያ የገባው። ትልልቁን ድንጋይ አሸዋ ላይ አናስቀምጥም አልኩ፤ ቆፋሪ ያለበት ቤት መሠረቱ ጠንካራ መሬት ላይ ነው። መስታወቱ ወለል ላይ አሳረፍነው፣ ከዚያ አሸዋ ሞላንበት። ያለዚያ ዓሣው ሥሩን ሲቆፍር ድንጋዩ ይጨፈልቀዋል። እትዬ ሰሙና "ይሄን ጅዳም አላወቁትም" አሉ። በሕይወቴ የሰማሁት ትልቁ ምስጋና ነው፣ ለማን እንዳልነገርኩት ጠይቁ።

አሸዋው ስንዝር ተኩል ሆነ፣ ከኋላ ከፍ ያለ። ደቃቁን፣ ሻካራውን፣ የምስር ፍሬ የሚያህለውን፣ የባቄላ የሚያህለውን፣ የዛጎል ስባሪውን ደባለቅን። ሁለት ቀን ሙሉ ጠጠር በወንፊት ለየሁ። አንድ ሰፋ ያለ ድንጋይ አጋድመን ሥሩን በጣት ትንሽ ጫር አደረግን። በቃ። ልጨምር ስል እጄን መቱኝ።

"ቤት አትሥራለት። ድንጋይ አቅርብለት።"

ላዩን በወንፊት ሽቦ ከደንነው፣ ሲደነግጡ ዘለው ይወጣሉና። ዓሦቹ ነሐሴ ላይ ሲመጡ መስታወቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነን ሦስት ቀን ተውናቸው። ከዚያ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ በባዶ እግር፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ የእጅ መስታወት ይዤ ተቀመጥኩ። ደባርቅ ውስጥ ከዚያ የከበደ ሥራ አልተሠራም። ሲሚንቶ መሸከም ዕረፍት ነው። ትንኝ አፍንጫዬ ላይ ያርፋል፣ አልነካም። አስተናጋጆቹ በበር አጮልቀው "ማሩ መነኮሰ!" ይላሉ፣ አልመልስም። አለመመለስ! እኔ!

በዘጠነኛው ቀን በእጅ መስታወቱ ውስጥ አንድ ዓሣ ከድንጋዩ ሥር ብቅ ሲል አየሁ። ባቄላ የምታክለዋን ጠጠር አነሳ፣ ጣላት። ሌላ አነሳ፣ አዞራት፣ በሩ ላይ አስቀመጣት። ገፋ አድርጎ አያት። አልወደዳትም፣ ወስዶ ጣላት። ሦስተኛዋን አነሳና ገጠመችለት። ግንበኛ ነው እኮ! ልጮህ አፌን ከፈትኩና በእጄ ያዝኩት። ሮጬ ሄድኩ፣ በጣቴ ጫፍ ነው የሮጥኩት፣ እትዬን ልብስ ከሚያሰጡበት ጎትቼ አመጣኋቸው። በእጅ መስታወቱ አዩ። ትከሻቸው ወረደ። ሰው ትከሻው ለወራት ተሰቅሎ እንደነበር የሚታወቀው ሲወርድ ነው።

ለመስቀል እንግዳ ገባ። ፈረንጁም ሐበሻውም መስታወቱን ከቦ ስልክ ደቀነ። ሁለቱ ዓሦች ሁለት ጉድጓድ በር ላይ ቆመው እንግዳውን ይገላምጣሉ። ሲመሽ እያንዳንዳቸው ድንጋይ ጎትተው በራቸውን ይዘጋሉ። ጌጡ ደስታው ከልክ አለፈ። ትከሻዬን አቅፎ ሰው ፊት አቆመኝ።

"ይሄ ነው ፕሮፌሽናል! የመጀመሪያዎቹ በስህተት ሞተውብን ነበር፣ ይሄ ልጅ አዳነኝ። ከዛሬ ጀምሮ የዓሣው ኃላፊ ማሩ ነው። እትዬ ደግሞ ደክሟቸዋል፣ አንሶላ ማጠቡ ላይ ይሁኑ።"

ሰው አጨበጨበ። እትዬ በሩ ላይ ፎጣ ታቅፈው ቆመው ነበር። አላዩኝም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

"ቦስ፣ የገደልኳቸው እኔ ነኝ" አልኩ።

"እ?"

"ጭቃ ከተትኩባቸው። የማድ ቤቱን ጭቃ። እሳቸው አልነበሩም፣ መካነ ብርሃን ነበሩ። አትንካ ብለውኝ ነክቼ ነው።"

ጭብጨባው እንደ ዝናብ ቀጥ አለ። አንዱ ፈረንጅ አስጎብኚውን ምን አለ ብሎ ይጠይቃል። ጌጡ ክንዱን ከትከሻዬ ላይ አነሳ። ወደ እትዬ ዞረ።

"እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ታዲያ ለምን ዋሹኝ?"

"ያኔ ብነግርህ ዛሬ ዓሣ አይኖርህም ነበር።"

ጌጡ በራቸው ላይ የቆሙትን ዓሦች አየ። ከዚያ "እንግዲያው ኃላፊዋ እርስዎ ነዎት። እሱንስ ምን እናድርገው? እርስዎ ይወስኑ" አለ።

እኔ ተዝናናሁ። እትዬ ይወዱኛል፣ አውቃለሁ። በእንጨት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ፎጣውን አጠፉ፣ ዘረጉ፣ ደግሞ አጠፉ።

"ይሂድ" አሉ።

"እትዬ!"

"ማሩ፣ ዓሦቹ ተቀምጠዋል። ከእንግዲህ ያለው ሥራ ምንም አለመንካት ነው። አንተ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ድንጋዩን አንድ ጣት ወደ ግራ አዙረሃል። አላየሁም?"

አዙሬው ነበር። አሳምሬው ነው እንጂ።

ተቆጣሁ፣ አልዋሽም። ቢያንስ የሥራ ልምድ ይጻፍልኝ አልኩ። በማግስቱ እትዬ እየተናገሩ ጸሐፊዋ ጻፈች፣ ጌጡ ማኅተም አሳረፈ። ቀስ ብዬ አነበብኩት። "ማሩ ድንጋይ መምረጥ ያውቃል። አሸዋ ማጠብ ያውቃል። ሁለት ዓሣ በጭቃ ገድሏል። ሁለት ዓሣ አስቀምጧል። የገደለውን ራሱ ተናግሯል።"

"እትዬ፣ ገድሏል የሚለው ይውጣ እንጂ!"

"እሱ ከወጣ አስቀምጧል የሚለውም ይወጣል።"

አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። አላቀፉኝም፣ ግን እስከ መንገዱ ድረስ ሸኙኝ፣ ጫማቸውን ሳይጫሙ።

ከዚያ ደባርቅ ውስጥ ሦስት ቦታ ያን ወረቀት አሳየሁ። ሦስቱም ሳቁ፣ ሦስቱም መለሱኝ። ዳባት ወረድኩ። አንድ ፎቅ እየተሠራ ነው፣ ፎርማኑ አሸዋ ክምር ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል። ወረቀቱን ሰጠሁት። አነበበ። ደግሞ አነበበ። ወደ ፎቁ ቀና አለ፣ አንድ ጥግ ላይ ልስኑ ሆዱ ተነፍቶ ሊወድቅ ነው፣ ከሥሩ አራት ሠራተኛ ቆሞ ሰማይ ያያል።

"ሁለት ብቻ ነው የገደልከው?"

"ሁለት።"

"እነዚያ ስንት ግድግዳ እንደገደሉ አንዱም አይነግረኝም" አለና ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። "ነገ በጠዋት ና።"

ነገን ማን ይጠብቃል? እዚያው ሸሚዜን አወለቅኩና መሰላሉን ወጣሁ።